የጓሮ ዶሮ ቤት በደሴና በኮምቦልቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጓሮዬ ውስጥ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ወዲህ ሦስት ቤት ሠርቻለሁ። ሁለቱ ደሴ የራሴ ግቢ ናቸው፣ አንዱ ኮምቦልቻ እህቴ ግቢ ነው። የመጀመሪያው ፈርሷል፤ ለምን እንደፈረሰ ከታች እነግራችኋለሁ። ጎረቤቱም ዘመዱም የሚጠይቀኝ ጥያቄ ስለሚመሳሰል እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የተጻፈው ከ5 እስከ 20 ዶሮ በጓሮው ለማርባት ላሰበ ሰው ነው። በመቶ የሚቆጠር ዶሮ ለገበያ የሚያረባ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው።

## ከየት ልጀምር? ከቤቱ ወይስ ከዶሮው?

ከቁጥሩ ጀምሩ። ስንት ዶሮ እንደምትይዙ ሳይቆረጥ አናጢ መጥራት ገንዘብ መበተን ነው። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ገደማ ትጥላለች። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት የእንቁላል ዝርያዎች ጥሩ መኖ ካገኙ ወደ 300 ይደርሳሉ። ስለዚህ ለቤት ፍጆታ ብቻ ከሆነ 5 ወይም 6 የእንቁላል ዶሮ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው።

ቁጥሩ ሲታወቅ ቦታው ይታወቃል። ቀን ቀን ግቢ የሚለቀቁ ከሆነና ቤቱ ለማደሪያ ብቻ ከሆነ፣ 1 ካሬ ሜትር ወለል 5 ወይም 6 ዶሮ ይይዛል። ቀኑንም የሚዘጋባቸው ከሆነ ከ4 በላይ አታስገቡ፤ ከቻላችሁ ደግሞ በሽቦ የታጠረ መንቀሳቀሻ፣ ለአንድ ዶሮ 1 ካሬ ሜትር ያህል፣ ከፊቱ ጨምሩ። ዶሮ ሲጨናነቅ ላባ መነቃቀል ይጀምራል። ከዚያ ደም ይመጣል። ደም የለመዱ ዶሮዎችን ማስተው በጣም ከባድ ነው።

ትንሽ ትርፍ ቦታም ተዉ። ለፋሲካ ወይም ለገና ቀደም ብሎ የተገዛ አውራ ዶሮ ሳምንት ሙሉ የሚያድርበት ቦታ ይፈልጋል።

## ደሴ ያየሁትን ቤት ኮምቦልቻ ባሠራው ምን ችግር አለው?

ችግር አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን በመካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ደሴ ላይ የለበሰውን ጃኬት ኮምቦልቻ መነኻሪያ ሳይደርስ ያወልቀዋል። ዶሮዋ ግን ላባዋን አታወልቅም።

ደሴ ላይ ጠላታችሁ እርጥበትና ንፋስ ነው። የክረምቱ ዝናብ ከጦሳ ተራራ በኩል ከሚወርደው ጉምና ንፋስ ጋር ሲደባለቅ ግድግዳ ሁሉ ይረጥባል። የበልጉም ዝናብ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል። ስለዚህ የደሴ ቤት በንፋስ በኩል ድፍን፣ በጠዋት ፀሐይ በኩል ክፍት፣ ከመሬት ከፍ ያለ መሆን አለበት።

ኮምቦልቻ ላይ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። ዶሮ አያልባትም። የሰውነቷ ሙቀት በደህናው ቀን እንኳ 41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሲበዛባት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፏን ከጎኗ ታርቃለች። ያኔ መብላት ትቀንሳለች፣ እንቁላሉም ያንሳል፣ ቅርፊቱም ይሳሳል። ስለዚህ የኮምቦልቻ ቤት ረጅም ጎኖቹ ከወገብ በላይ ሽቦ ብቻ ቢሆኑ ይሻላል። የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ በጠባቧ ጎን ብቻ ይመታዋል። ቆርቆሮው ከፍ ይበል፤ ከሥሩ ወይም ከላዩ ሰንበሌጥ ወይም ጭድ ቢደረግ ልዩነቱ በእጅ ይዳሰሳል። እህቴ ቤት ያደረግነው ይህንን ነው። በስምንት ሰዓት እጄን ጣሪያው ሥር አስገብቼ ሞክሬዋለሁ፤ ጭድ ባለበትና በሌለበት በኩል ያለው ሙቀት አይገናኝም።

## ደሴ ብርድ ስለሆነ ቤቱን በላስቲክ ጥርቅም አድርጌ ብዘጋውስ?

እባካችሁ እንዳታደርጉት። የመጀመሪያው ቤቴ የፈረሰው በዚህ ነው።

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ አላባራ ሲል አዘንኩላቸውና አራቱንም ጎን በላስቲክ ሸፍኜ በምስማር መታሁት። ለሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ዓይኔን አቃጠለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ከቆርቆሮው ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ዝናብ አልነበረም፤ የዶሮዎቹ የራሳቸው ትንፋሽ ነው። ሌሊት ሲተነፍሱ ያደሩት እርጥበት ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ሆኖ ጉዝጓዙ ላይ ይወርዳል። ጉዝጓዙ ሲረጥብ ኩሱ አሞኒያ የሚባል ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ሁለቱ ቄቦች አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥግ ላይ ኩርምት ብለዋል።

የእንስሳት ሐኪሙ ሲመጣ ዶሮዎቹን ከማየቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ሽታውን ሳበና «መጀመሪያ ይሄ ላስቲክ ይውረድ» አለኝ። ሁለቱ ቄቦች አልተረፉም።

ላባዋ የሞላ ጤነኛ ዶሮ የደሴን ብርድ ትችለዋለች። የማትችለው እርጥብ አየርንና ጎኗን የሚመታ ንፋስን ነው። ስለዚህ ቆጥ ላይ ስትቀመጥ ከጭንቅላቷ በታች ያለው ግድግዳ ድፍን ይሁን። ከጭንቅላቷ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በሁለቱም ረጅም ጎኖች አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ተዉና በሽቦ ሸፍኑት። እርጥቡ አየር በዚያ ይወጣል፣ ንፋሱ ግን አይነካቸውም። ዝናብ በጎን የሚገባ ከሆነ የጣሪያውን ክፈፍ አርዝሙ እንጂ ቀዳዳውን አትድፈኑ።

ንፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ለማወቅ ብዙ አትጨነቁ። የራሳችሁን ቤት ግድግዳ እዩ፤ በክረምት የሚረጥበውና ሻጋታ የሚያወጣው ወገን የትኛው ነው? የዶሮ ቤቱ ጀርባ ወደዚያ ይሁን።

## ገንዘቤ ትንሽ ነው። የት ላውጣ፣ የት ልቆጥብ?

ለሦስት ነገር አትሰስቱ፦ ለጣሪያው፣ ለሽቦውና ለመቀርቀሪያው። ሌላው ሁሉ ሊቆጠብበት ይችላል።

ግድግዳው የባህር ዛፍ አጣና ተማግሮ በጭቃ ቢመረግ ምንም አይጎድልበትም። ወለሉ ተጠቅጥቆ የተደለደለ አፈር ሊሆን ይችላል፣ ቦታው ውሃ የማይተኛበት ከሆነ። እንቁላል መጣያው የተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ወይም አሮጌ የፍራፍሬ ሣጥን ቢሆን ዶሮዋ አትቀየምም። ጉዝጓዙን አናጢ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ሰጋቱራ ብዙ ጊዜ በነጻ ወይም በትንሽ ገንዘብ ይሰጣል። ከዱቄቱ ይልቅ ፍቅፋቂውን ምረጡ፤ ዱቄቱ ይቦናል፣ መተንፈሻቸውን ያስቸግራል። የጤፍ ጭድም ጥሩ ነው፤ ቶሎ ስለሚጨማደድ ግን ቶሎ ቶሎ መገልበጥ ይፈልጋል።

ለ10 ዶሮ የሚሆን ማደሪያ ምን እንደሚፈልግ በቁጥር ልንገራችሁ። 2 ሜትር በ1 ሜትር ከ50 የሆነ ቤት 3 ካሬ ሜትር ወለል አለው። ቀን ለሚለቀቁ 10 ዶሮዎች ሰፊ ነው። ፊቱ 1 ሜትር ከ80፣ ጀርባው 1 ሜትር ከ50 ከፍታ ይኑረው፤ ጎንበስ ብላችሁ ገብታችሁ መጥረግ ትችላላችሁ። ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ ከፊት ወደ ኋላ ሲጋደም ግማሽ ሜትር ያህል ክፈፍ ይተርፈዋል። ሦስት ቆርቆሮ ጎን ለጎን ተነባብሮ የ2 ሜትሩን ርዝመት ሸፍኖ በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ይወጣል። ይኼው ነው፣ ሦስት ቆርቆሮ። አናጢው አምስት ወይም ስድስት ካላችሁ ሥዕሉን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ቤቱን ከማሠራታችሁ በፊት ግን መኖውን አስቡ። አንዲት የእንቁላል ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ ትበላለች። 10 ዶሮ በቀን 1 ኪሎ ከ200፣ በሦስት ወር ከአንድ ኩንታል በላይ ማለት ነው። ገንዘቡን ሁሉ ቤቱ ላይ ጨርሰው ዶሮዎቹን በእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ ለመያዝ የሞከሩ ሰዎች አውቃለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኼ ነው። ከያዛችሁት ገንዘብ ቢያንስ የሦስት ወር መኖ ለዩና የቀረው ነው የቤቱ በጀት።

## እንጨት፣ ጭቃ፣ ብሎኬት ወይስ ብረት?

እንደ ኪሳችሁም፣ እንደ ግቢያችሁም፣ እንደ ዓይናችሁም ነው።

ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእግር የቆመ የእንጨት ቤት ለደሴ በጣም የምወደው ዓይነት ነው። ጎርፍ አይነካውም፣ አይጥ ከሥሩ መደበቂያ አያገኝም፣ ዶሮዎቹ ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ ይጠለላሉ። ከ12 ዶሮ በላይ ከሆነ ግን ውድ ይሆናል፣ ወለሉም ይከብዳል። የእግሮቹን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፤ ምስጥ ይፈራዋል። ቺፑድን ለውጪ ግድግዳ አትጠቀሙ። አንድ ክረምት አብጦ፣ ሁለተኛው ክረምት ፈርሶ ያልቃል።

የጭቃ ቤት ርካሽ ነው፣ ደሴ ላይ ሌሊት ይሞቃል፣ ኮምቦልቻ ላይ ቀን ይቀዘቅዛል። የሚጠይቀው ጥገና ነው። ስንጥቅ ባለበት ሁሉ ደም መጣጭ ተባይ ይራባል። በዓመት አንዴ፣ ከክረምት በኋላ፣ መልሳችሁ ለስኑትና ኖራ ቀቡት። ነጭ ሲሆን ደግሞ ያምራል።

ብሎኬት የራሱ ግቢ ላለውና ለረጅም ጊዜ ላሰበ ሰው ነው። እስከ ወገብ ብሎኬት፣ ከዚያ በላይ ሽቦ ሲሆን ለኮምቦልቻ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ደሴ ላይ ከሆነ ጀርባውን እስከ ላይ ድፈኑት። ከገነባችሁት በኋላ ቦታውን መቀየር እንደማይቻል ግን አስቡ።

ብረት ቤት ብየዳ ቤቶች ይሠሩታል። ፍሬሙ ብረት፣ ጎኑ ሽቦ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለዓመታት ይቆያል። አራቱም ጎኑ ላሜራ የሆነውን ግን ተዉት። እህቴ መጀመሪያ የገዛችው እንደዚያ ያለ፣ በጣም የሚያምር አረንጓዴ ሣጥን ነበር። ኮምቦልቻ ግንቦት ላይ በቀትር ምጣድ ሆነ። ዶሮዎቹ ገብተው እንቁላል መጣል እምቢ አሉ፤ ቁጥቋጦ ሥር መጣል ጀመሩ። አሁን ያ ሣጥን የመኖ ማስቀመጫ ነው።

## ተሠርቶ የሚሸጥ ብገዛ ምን ልመልከት?

ሻጩ ስንት ዶሮ ይይዛል እንዳላችሁ ሳይሆን ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመቱን በስፋቱ አባዙ። «የ20 ዶሮ ቤት» ተብሎ የሚሸጠው 2 ካሬ ሜትር ሆኖ ብታገኙት ለ10 ወይም ለ12 ማደሪያ ነው፣ ያውም ቀን ከተለቀቁ።

ከዚያ በሩን ክፈቱና እጃችሁን እስከ መጨረሻው ጥግ ዘርጉ። ጥጉ ላይ ካልደረሳችሁ እንዴት ትጠርጋላችሁ? የማይጠረግ ቤት በሁለት ወር ውስጥ ይሸታል። ቆጡን በእጃችሁ ተጫኑት፤ ከተወዛወዘ ሦስት ዶሮ ሲወጣበት ይወድቃል። ሽቦው በስቴፕል ብቻ ተይዞ ከሆነ በጣታችሁ ስባችሁ ሞክሩት። እናንተ የነቀላችሁትን አውሬው አያቅተውም።

## ሸለምጥማጥን ምን ያስቆመዋል?

ሰዎች በጣም አቅልለው የሚያዩት ጉዳይ ይኼ ነው። ደሴ ከተማ ናት፣ አውሬ የለም ይላሉ። ከተማዋ በተራራ የተከበበች ናት፤ ሸለምጥማጥ በጣሪያም በአጥርም ይመጣል። አንድ ጎረቤቴ በአንድ ሌሊት ሰባት ዶሮ አልቆባታል። ጠዋት ጠርታኝ ሳይ ሽቦው አልተቀደደም። ከጣሪያውና ከግድግዳው መገናኛ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክፍተት ነበረች። በዚያች ነው የገባው። አንዷን ብቻ ወሰደ፣ ሌሎቹን ገድሎ ተዋቸው። ሴትዮዋ ላባውን እየለቀመች «ምነው አንዷን ወስዶ በሄደ» ስትል አይረሳኝም።

ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ይይዛል እንጂ አውሬው እንዳይገባ አይከለክልም። ለማታ ማደሪያው ወፍራምና የተበየደ፣ ቀዳዳው ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ሽቦ ግዙ። ውድ ነው። ግን የሚያስፈልጋችሁ ለክፍቱ ቦታ ብቻ ነው። ቀን ለሚንቀሳቀሱበት ርካሹ ሽቦ ይበቃል፤ ከላይ ግን መረብ ወይም አጣና አድርጉበት፣ ጭልፊት አለ። ሽቦውን ከግድግዳው ግርጌ ወደ ውጪ አንድ ክንድ ያህል መሬት ላይ አንጥፋችሁ በድንጋይና በአፈር ሸፍኑት። የሚቆፍር አውሬ ግድግዳው ሥር ነው የሚጀምረው፣ ሽቦውን ሲያገኝ ይተዋል።

መቀርቀሪያው በአፍንጫ ተገፍቶ የሚከፈት አይሁን። መቀርቀሪያ ላይ አንዲት ምስማር በገመድ አንጠልጥላችሁ ብትሰኩበት ይበቃል። እና ማታ መቁጠር ነው። ልጆቹን መድቡ፤ እኔ ቤት የመጨረሻው ልጅ ሥራ ነው፣ ቆጥ ላይ ቆጥሮ ሳይዘጋ እራት አይቀርብም።

## ውስጡ ምን ምን ይኑረው?

ቆጥ ግዴታ ነው። ለአንድ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አስቡ። እንጨቱ የእጅ አንጓ ውፍረት ያለው፣ ጠርዙ የለሰለሰ ይሁን። ቀጭን ብረት እግራቸውን ያቀዘቅዘዋል። ሁለት ቆጥ ከሆነ እንደ መሰላል አንዱ ከአንዱ ወደ ኋላ ይበል፣ ያለበለዚያ የላይኛዋ የታችኛዋ ላይ ትጥላለች።

እንቁላል መጣያ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ ይበቃል። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ጨለምለም ያለ ጥግ ላይ። ከቆጡ ዝቅ ይበል። ከፍ ካለ ሄደው ይተኙበታል፣ ጠዋት እንቁላሉ በኩስ ተለውሶ ታገኙታላችሁ። ጀርባው ወደ ውጪ የሚከፈት ክዳን ቢኖረው ቤቱ ውስጥ ሳትገቡ ትለቅማላችሁ፤ ይህች ክዳን ትንሽ ወጪ ናት፣ በየቀኑ ግን ታመሰግኗታላችሁ።

ከቆጡ ሥር አሮጌ ላሜራ ወይም ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ። ከኩሱ ግማሽ ያህሉ የሚወድቀው ማታ ቆጥ ላይ እያሉ ነው። ጠዋት ያንን ብቻ ጠርጋችሁ ብታወጡ ጉዝጓዙ በእጥፍ ይቆያል።

ጥግ ላይ በአሮጌ ሳፋ አመድና ደረቅ አፈር አድርጉላቸው። ይንከባለሉበታል፣ ቅማሉን ያራግፉበታል። የምድጃ አመድ ደግሞ በየቤቱ አለ።

## የሐበሻ ዶሮና የፈረንጅ ዶሮ ቤታቸው ይለያያል?

ይለያያል። የሐበሻ ዶሮ ቀላልና በራሪ ናት፤ ከፍ ያለ ቆጥ ትወዳለች፣ ዝቅ ያለ አጥር ደግሞ አይመልሳትም። ሳሶ የሚባለው የፈረንጅ ዝርያ ከባድ ነው። ቆጡን ከግማሽ ሜትር በላይ አታድርጉት፣ ሲዘል እግሩን ይጎዳዋል። ቦቫንስ በመካከል ናት። ሁለቱን የምታደባልቁ ከሆነ ዝቅተኛውን ቆጥ ሥሩ፤ የሐበሻዋ ራሷን ትችላለች።

አዲስ የገባ ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አታደባልቁ። ከገበያ ለተገዛች ዶሮ የምትለይበት አንዲት ትንሽ ሣጥን ሁለት ሳምንት ያህል ያስፈልጋታል። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ አንዴ ቤት ከገባ ማንንም አይምርም። ክትባቱን ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋገሩበት፤ ጥሩ ቤት ክትባትን አይተካም።

## ተከራይ ነኝ። ዶሮ ማርባት እችላለሁ?

አብሽሩ፣ ይቻላል። መጀመሪያ ባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ፣ ከሠራችሁ በኋላ ሳይሆን ከመሥራታችሁ በፊት። ከዚያ ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ ይዞ የሚያነሳው ቤት አሠሩ። 1 ሜትር ከ20 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከቀላል እንጨት የተሠራ፣ ጣሪያው የሚነሳ። 5 ዶሮ ያሳድራል። ስትለቁ በጋሪ ወይም በባጃጅ ይሄዳል።

በግል ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራይ ካለ አውራ ዶሮ አትያዙ። እንስቶቹ ያለ አውራ እንቁላል ይጥላሉ፤ የማይፈለፈል እንቁላል ነው እንጂ ለመብላት ምንም ልዩነት የለውም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የሚጮህ አውራ ዶሮ ስንቱን ጎረቤት አኳርፏል።

## ኬጅ ልግዛ?

አሁን አሁን ባለ ሦስት ደርቡ ኬጅ፣ ዶሮ ተዘግቶ የሚውልበት የሽቦ ሣጥን፣ በየቦታው ይሸጣል። ጠባብ ቦታ ላይ ብዙ ዶሮ ይይዛል፣ እንቁላሉ ንጹሕ ሆኖ ይንከባለላል፣ ኩሱ ከሥር ይጠረጋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ለጓሮ አልመክረውም። በኬጅ ውስጥ ያለች ዶሮ አትጭርም፣ አመድ አትንከባለልም፣ ቆጥ አትወጣም። የአውሮፓ ኅብረት ቆጥም እንቁላል መጣያም የሌለውን ባዶ ኬጅ በ2012 እ.ኤ.አ. የከለከለው ለዚሁ ነው። ያለ በቂ መኖ ደግሞ በኬጅ ያለች ዶሮ ራሷን መርዳት አትችልም፤ ጓሮ የተለቀቀች ግን ትልም ጎመንም ትለቃቅማለች።

## ሽታና ዝንብ ጎረቤት ቢያስቀይምብኝስ?

ደረቅ ኩስ ብዙ አይሸትም። የሚሸተው እርጥቡ ነው። ጉዝጓዙን ጨብጡት፤ በእጃችሁ ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነው፣ አውጡትና ደረቅ ጨምሩ። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፣ በሳምንት አንዴ ገልብጡት። መጠጫውን ጡብ ላይ አስቀምጡት፤ ጉዝጓዝ የሚያረጥበው ከዝናብ ይልቅ ብዙ ጊዜ የተገለበጠ መጠጫ ነው።

የወጣውን ኩስ ከቅጠልና ከአመድ ጋር ከምሩና ለጥቂት ወራት ይብላላ። ትኩሱን ጎመን ሥር ብታደርጉት ያቃጥለዋል። ከተብላላ በኋላ ለጎረቤት ጓሮ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ስጡ። አንዳንዴም እንቁላል። ከዚያ ወዲያ ስለ ሽታው የሚያነሳባችሁ ሰው ይቀንሳል።

## ጫጩት ከሆነስ የማስገባው?

የአንድ ቀን ጫጩት ለዚህ ቤት ገና ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ደሴ ላይ፣ መብራት በሚሄድበት ጊዜ፣ ይህ ቀላል አይደለም። ጎኖቹ በጭድ የታጨቁ ሣጥን፣ ሃይ ቦክስ የሚባለው፣ የራሳቸውን ሙቀት ይዞላቸው ስለሚያድር ለብዙ ሰው ጠቅሟል። ለጀማሪ ግን የ45 ቀን ጫጩት ወይም ቄብ መግዛት ይሻላል። ይወደዳል፣ ግን የሚሞተው ጥቂት ነው።

## ግቢዬን እንዳያበላሽብኝ እፈልጋለሁ። ማሳመር ይቻላል?

በደንብ ይቻላል። ጣሪያውን ከዋናው ቤት ቆርቆሮ ጋር አንድ ቀለም አድርጉት፣ ወዲያው የግቢው አካል ይመስላል። ከአጥር ግንቡ ጋር ተደግፎ የተሠራ ቤት መሐል ግቢ ከቆመ ይልቅ ለዓይን ይቀላል፣ አንድ ግድግዳም ያተርፋል። በሽቦው ጎን ሐረግ ወይም ዱባ ብትተክሉ ለኮምቦልቻ ጥላ ይሆናል። ቀለሙን ውጪውን ብቻ ቀቡ፤ ውስጡን ኖራ።

## መቼ ላሠራው?

ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ። ጭቃው ለመድረቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ከክረምት በኋላ ከሆነ ጥቅምት ጥሩ ነው።

ዶሮ ከማስገባታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ሁለት ባልዲ ውሃ ጣሪያው ላይ ድፉና ውስጥ ገብታችሁ ተቀመጡ። በየት በኩል እንደሚያፈስ ታያላችሁ። በሩን ዝጉና ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ፈልጉ። ሁለት ጣት የምታስገባው ሁሉ በሽቦ ትደፈን። ቆጡ ላይ እጃችሁን አሳርፉና ንፋስ ይነካው እንደሆነ አስተውሉ። ከዚያ ዶሮዎቹን ማታ፣ ሲጨልም፣ በእጃችሁ አንድ በአንድ ቆጥ ላይ አስቀምጧቸው። ሦስት ቀን ዘግታችሁ መኖና ውሃ ስጧቸው። በአራተኛው ቀን ብትለቋቸው አመሻሽ ላይ ራሳቸው ይመለሳሉ።